የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሕይወትና ውርስ፦ ከአሟሟታቸው ባሻገር ምን እናውቃለን?

የአጥቢያ ጸሐፊ፦

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በአጥቢያዬ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአባልነት መዋጮ ስንሰበስብ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደረሰኙን እየተቀበለኝ «ሰበካ ጉባኤ የሚባለውን ነገር ግን መጀመሪያ ያቋቋመው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው» አልሁት። «ደርግ የገደላቸው?» አለኝ። «አዎን» ስለው ራሱን ነቅንቆ፣ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣም። ይህ ልጅ ስለ እኒህ አባት የሚያውቀው አሟሟታቸውን ብቻ ነው፤ አጥፎ ኪሱ የከተተው ወረቀት ግን የሕይወታቸው ሥራ ነበር።

ቅዱስነታቸው በጎጃም ደብረ ኤልያስ በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ከምንኩስና በፊት የነበራቸው ስም መልእክቱ ጀምበሬ ነው። በ1940 ዓ.ም. በካይሮ ማዕርገ ጵጵስና ከተቀበሉት አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ነበሩ፤ በሐረርጌ ሀገረ ስብከትም ለብዙ ዘመን በሊቀ ጳጳስነት አገለገሉ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን በዚያው ዓመት ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከመንበሩ በግፍ እስከተነሡበት እስከ የካቲት 1968 ዓ.ም. ድረስ ሲቆጠር አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ከዚህ አጭር ዘመን እኔ ደጋግሜ የማስበው 1965 ዓ.ም.ን ነው፤ ቃለ ዐዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ የወጣበት ዓመት ነውና። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያናችን በአብዛኛው የቆመችው በመሬት ላይ ነበር። «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተነዋል። ካህኑ ቀድሶ፣ ማሕሌት ቆሞ ለአገልግሎቱ ከሚያዝለት ከሰሞን መሬቱ ይበላል፤ ምእመኑ ተሳልሞ፣ ስእለቱን አግብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ስለ ደብሩ ገቢና ወጪ የሚጠይቀውም፣ የሚጠየቀውም አልነበረም። ቃለ ዐዋዲ ግን በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበትን ጉባኤ አቋቋመ። ምእመኑ በመዋጮው ቤተ ክርስቲያኑን እንዲደግፍ፣ በድምፁም ተወካዩን እንዲመርጥ፣ ሒሳቡንም እንዲሰማ አደረገው። ደንቡ ወጥቶ ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ለዘመናት የቆየው የቤተ ክርስቲያን መሬት በአንድ አዋጅ ሄደ። ጉባኤው በየቦታው ገና ሥር አልሰደደም ነበር፤ በብዙ ገጠር ስሙም አልተሰማ ይሆናል። ነገር ግን መሠረቱ ተጥሎ ስለ ነበር፣ መሬቱን ያጣው ካህን ወደ ምእመኑ የሚመለስበት በር ተከፍቶ ጠበቀው። ስለ አቡነ ቴዎፍሎስ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

በዕቃ ቤታችን አንድ አሮጌ የአባላት መዝገብ አለ። ጠርዙ በጧፍ ሰም ተነክቷል፣ ጥቂት ገጾቹንም ምስጥ በልቷቸዋል። መጻፍ የማይችሉት አባቶችና እናቶች በፊርማቸው ቦታ በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራቸውን አኑረዋል። የመዋጮው ዓምድ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ አልፎ አልፎ አንድ ብር ይላል። ያን አሻራ ሳይ፣ ለዘመናት ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ቆማ ትጸልይ የነበረች እናት ለመጀመሪያ ጊዜ «አባል» ተብላ ስትመዘገብ ይታየኛል።

ስለ ቅዱስነታቸው ሕይወትና አገልግሎት የምታውቁትን እንድታካፍሉን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦

ጸሐፊ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ባደግሁበት ጉባኤ ቤት የስማቸው ነገር በመምህራን ዘንድ ሁልጊዜ ይነሣ ነበር። ወላጆቻቸው መልእክቱ ብለው ስም አወጡላቸው። ልጁ አድጎ፣ መንኩሶ፣ ፓትርያርክ ከሆነ በኋላ ያወጣው ደንብ ደግሞ ከነቢዩ ኢሳይያስ ቃል ተወስዶ «ቃለ ዐዋዲ» ተባለ፤ ይኸውም በምድረ በዳ የሚጮኸው የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። መልእክት ተብሎ የተወለደ ሰው የነጋሪን ድምፅ ትቶልን ሄደ። መምህራችን ይህን ሲናገሩ ሰሙንና ወርቁን ለኛ ትተው ዝም ይሉ ነበር።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር መሆኑን የሚያውቅ ሰው አስተዳደጋቸውን ለመገመት አይቸገርም። በቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። በአብነት ትምህርት ያደገ አባት ለለውጥ የተዘጋ ነው ብለው ለሚያስቡ ወንድሞች ይህን ማስታወስ እወዳለሁ። ቅዱስነታቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በጉባኤው ያስቀመጡት ከአብነት ትምህርት ስለራቁ ሳይሆን ከዚያው ስለበቀሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

የታሪክ መምህር፦

የሁለታችሁም ጽሑፍ ጠቃሚ ነው፤ እኔ የጊዜውን ሁኔታ ጥቂት ላስፋፋ። ቤተ ክርስቲያናችን ከመጀመሪያው ጳጳሷ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ኖራለች። ከግብፅ የሚላከው ጳጳስ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለ ነበር እርሱ ሲያርፍ ዲያቆንና ቄስ የሚሾም እስኪጠፋ ድረስ ዓመታት ይቆጠሩ ነበር። በ1940 ዓ.ም. አምስቱ አባቶች በካይሮ መሾማቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ ምዕራፍ ነው። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሲሆኑም ሢመቱ የተፈጸመው እዚያው ካይሮ ነበር። በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን አባቶች እጅ የተሾሙት የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤውን ከዚህ ለይቼ አላየውም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷን መቻሏ በመንበር ደረጃ በ1951 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ በአጥቢያ ደረጃ ግን ምእመኑ ኃላፊነት ካልወሰደ ሥራው በግማሽ የቀረ ይሆን ነበር። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1964 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማት ኮሚሽን መቋቋሙም የዚሁ አሳብ አካል ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ወሎን የመታው ድርቅና ረኃብ መጣ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ለተቸገረው ወገን የምትዘረጋው የተደራጀ እጅ ነበራት።

ጠያቂ ምእመን፦

ለአባታችን ያለኝ አክብሮት ከማንም አያንስም፤ ነገር ግን በሙሉ ልብ እንድናከብራቸው ሁለት ጥያቄ ማንሣት ይፈቀድልኝ። አንደኛው፣ ቅዱስነታቸው የተሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ከቤተ መንግሥቱም ጋር በነበረ ቅርበት ነው። ይህን ሳንናገር ስለ ምእመኑ ድምፅ ብቻ ብንናገር ታሪኩን እናጎድለዋለን። ሁለተኛው፣ ዛሬ በአንዳንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤው ራሱ የጭቅጭቅና የገንዘብ ብክነት ምክንያት ሆኖ አይተናል። እኔ በነበርሁበት አንድ ደብር ለሦስት ዓመት ሒሳብ ሳይቀርብ ቆይቶ ምእመኑ ተከፋፍሏል። ውርሱ ይህ ከሆነ እንዴት እናመስግነው?

የአጥቢያ ጸሐፊ፦

ወንድሜ ጠያቂ፣ ጥያቄህ ከቅንነት የመጣ ስለሆነ በቅንነት እመልሳለሁ። ስለ ቤተ መንግሥቱ ያልኸው እውነት ነው። በዚያ ዘመን ፓትርያርኩና ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የዚያ ሥርዓት ከፍተኛ አባት ሆነው ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያን በመሬቷ ሳይሆን በልጆቿ እንድትቆም የሚያደርግ ደንብ ማውጣታቸው ነው። መሬቱ በእጅ እያለ፣ ማንም ሳያስገድድ፣ እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣት ቀላል አልነበረም።

በሁለተኛው ጥያቄህ አዝኛለሁ፤ ምክንያቱም እኔም አይቼዋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፦ በነበርህበት ደብር ሒሳብ አልቀረበም ብለህ ልትቆጣ የቻልኸው ሒሳቡ ለምእመኑ መቅረብ እንዳለበት ደንቡ ስለሚያዝዝ ነው። አያቶቻችን ይህን ጥያቄ የሚያነሡበት ጉባኤ አልነበራቸውም። ደንቡም ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ በየጊዜው እየታየ ተሻሽሏል፤ ዛሬም ቢሻሻል ከአባታችን አሳብ ጋር አይጋጭም።

የጎፋ እናት፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። በ1968 ዓ.ም. ቅዱስነታቸው ከመንበራቸው ወረዱ ሲባል ባለትዳር ነበርሁ፤ ልጄም ገና ሕፃን ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሬዲዮኑን ዘጋ፤ እኔም ምንም ሳልጠይቀው ቡናውን ቀዳሁ። ከዚያ በኋላ ስማቸው በቤታችን ጮክ ተብሎ አልተጠራም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም። ማታ ማታ አማቴ ስትጸልይ «ያባታችንን ነገር አደራህን» ትል ነበር። የትኛውን አባት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሞተው ከሆነ ለነፍሳቸው፣ በሕይወት ካሉም ለሥጋቸው፣ ለሁለቱም በአንድ ቃል ትጸልይላቸው ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ክረምት አፅማቸው ተገኝቶ፣ እሳቸው ባሠሩት በጎፋ መካነ ሕያዋን ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሲያርፍ እኔም ነበርሁ። ሕዝቡ ዐጸዱን ሞልቶ ወደ መንገዱ ፈስሶ ስለ ነበር ከሩቅ ነው ያየሁት። አጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ መነኩሲት ነበሩ። አላለቀሱም። መቋሚያቸውን ተደግፈው «እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ፣ እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ» ይሉ ነበር፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። እኔን ያስለቀሰኝ የእሳቸው ድምፅ ነው። አማቴ ያን ቀን አልደረሰችም፤ ሁለት ዓመት ቀድማ አርፋለች።

አሁንም በክብረ በዓሉ ቀን ስሄድ ከመቃብራቸው ሳልሳለም አልመለስም። በረከታቸው ይድረሰን።

የመካነ ኢየሱስ አገልጋይ፦

የእናቴን ጽሑፍ አንብቤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። እኔ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባል ነኝ፤ በዚህ ውይይት መግባቴ ይፈቀድልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተያዙት ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው፤ የእግዚአብሔርን ቃል አካፍለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ተወሰዱ። ከዚያ በፊት ከሀገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መንጋቸውን በመከራ ቀን ትተው እንደማይሄዱ ተናግረው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር ኖረዋል፤ የባላቸውን ዕጣም ለዓመታት የነገራቸው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው በሁለቱ አባቶች መካከል ያለውን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። አቡነ ቴዎፍሎስም ቄስ ጉዲናም የተገደሉት በአንድ ክረምት፣ በ1971 ዓ.ም. ነው። የሁለቱም አፅም የተገኘው በአንድ ስፍራ፣ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነው። የግቢው ባለቤት ራሳቸው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለ ሥልጣናት አንዱ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ ቆመው ያልቀደሱ ሁለት የእግዚአብሔር አገልጋዮች አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አንድ አፈር ለበሱ። ወንዞቻቸው የተለያዩ ነበሩ፤ አንዱ የጎጃም የአብነት ተማሪ፣ ሌላው የወለጋ ቦጂ ልጅ ሆነው በነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት የጀመሩ። በአሳባቸው ግን የሚገናኙበት ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1964 ዓ.ም. በቄስ ጉዲና መሪነት ለአጋሮቿ የላከችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለይቶ ማገልገል እንደማይገባ፣ ስብከትና ልማት የአንድ ወንጌል ሥራ እንደሆኑ የሚናገር ነበር። በዚያው ዓመት በእናንተ ዘንድ የልማት ኮሚሽኑ ተቋቋመ። የታሪክ መምህሩ ይህን ሲጠቅሱ በዓመቱ መገጣጠም ተደንቄያለሁ።

የጎፋ እናት፦

ልጄ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እንኳን ነገርኸኝ። ለወይዘሮ ፀሐይ ከዛሬ ጀምሮ ሻማ አበራላቸዋለሁ።

ዲያቆን ከሰሜን፦

አንድ ሳይነገር ማለፍ የሌለበት ነገር አለ፤ ቅዱስነታቸው ከመንበራቸው የተነሡበት ምክንያት ነው። መንግሥት ብዙ ክስ ደርድሮባቸው ነበር፤ በቀኖና በኩል ግን ትልቁ ነጥብ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን መሾማቸው ነው። ጳጳስ መሾም የፓትርያርኩና የሲኖዶሱ ሥልጣን ነው ብለው ያደረጉት ነበር፤ በዚህም ተሿሚዎቹ ጭምር ታሰሩ። ከተሿሚዎቹ አንዱ ለሰባት ዓመት ያህል ታስረው ከተፈቱ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ከአቡነ ቴዎፍሎስ በኋላ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የተሾሙት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከወላይታ የመጡ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ በጾምና በጸሎት የታወቁ ባሕታዊ ነበሩ፤ የእሳቸው ቅድስና አያጠያይቅም። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ መሾሙን አልተቀበለችም ነበር። ሁለቱን አባቶች አንዱን ለማክበር ሌላውን ዝቅ ማድረግ እንዳይመጣ እለምናለሁ፤ ጥፋቱ የመጣው ከውጭ እጅ ነው።

የታሪክ መምህር፦

ዲያቆን፣ ሚዛናዊ አስተያየት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከውጭ የመጣው እጅ ያለ ውስጥ ተባባሪ አይሠራም። በቤተ ክህነት ውስጥ በፍርሃት ዝም ያሉም፣ የተባበሩም ነበሩ። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ አቡነ ቴዎፍሎስ በምን ዓይነት ብቸኝነት እንደ ቆሙ እንድናስብ ነው።

ጠያቂ ምእመን፦

ብዙ ተምሬአለሁ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጸሐፊ ሆይ፣ ስለዚያ አሮጌ መዝገብ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምስጥ የበላቸው ገጾች እንዳይጠፉ ምን እያደረጋችሁ ነው? እኔ በሙያዬ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነኝ። በላስቲክ ከጠቀለላችሁት እርጥበቱ ውስጡ ይታፈንና ይበልጥ ይጎዳዋል፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ አኑሩት፤ ከጧፍና ከዕጣንም አርቁት። ገጾቹን አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ ማንሣት ደግሞ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ፈቃዳችሁ ከሆነ ቅዳሜ መጥቼ ላግዛችሁ እችላለሁ።

የአጥቢያ ጸሐፊ፦

በላስቲክ ነበር የጠቀለልነው፤ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። ለደብሩ አስተዳዳሪም ነግሬአቸው ፈቅደዋል፤ ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ይጠብቅሃል። ያ ደረሰኙን የተቀበለኝ ተማሪም ፎቶ ለማንሣት እመጣለሁ ብሏል።